ያልጠየቃት መስኮት

ገላኔ ከአዳማ ሞጆ በሚኒባስ እየተመላለሰች የጉምሩክ ጉዳይ በሚያስፈጽም አንድ የትራንዚት ድርጅት ውስጥ ኮምፒውተሮችን ትከታተላለች። የሙከራ ጊዜዋ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። ቤት የሁለት ዓመት ልጅ አለቻት፤ ይህ ሥራ ከእጇ እንዲወጣ አትፈልግም።

ትእዛዝ የምትጽፈው ስክሪኗ ላይ በምትከፍታቸው ሁለት ጥቁር መስኮቶች ነው። ግራ ያለው የራሷን ኮምፒውተር፣ ቀኝ ያለው ደግሞ የሁሉም ሰነድ የሚቀመጥበትን የድርጅቱን ሰርቨር ያዝዛል። የግራውን፣ አንድ ነገር አጥፋ ስትለው «እርግጠኛ ነሽ?» ብሎ እንዲጠይቃት ራሷ አስተካክላዋለች። የቀኙ ግን ያዘዙትን ዝም ብሎ ይፈጽማል።

አራት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ሲመጣ ግቢው ውስጥ መነሻቸውን የሚጠብቁ የጭነት መኪና ሾፌሮች እየደወሉ ሲያጣድፏት መስኮቶቹን ቦታ አቀያይራ ከፈተቻቸው፤ ልብ አላለችም። በራሷ ኮምፒውተር «ገቢ» የሚል ማህደር ውስጥ የተጠራቀሙ አሮጌ ፋይሎችን ልታጸዳ፣ እንደ ልማዷ በግራው ላይ የማጥፊያውን ትእዛዝ ጻፈች። ጥያቄውን ጠበቀች።

ምንም የለም።

ግራ ላይ የተከፈተው የሰርቨሩ መስኮት ነበር። ሰርቨሩም ላይ «ገቢ» የሚባል ማህደር አለ። ጠዋት ስካን የተደረጉት ሃያ ስድስት የጉምሩክ ሰነዶች እዚያ ነበሩ። መጠባበቂያ ቅጂው ደግሞ የትናንት ነው። ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ማል ታቴ? ምን ሆንሽ? ጅብ ያየሽ መሰልሽ እኮ!» አለቻት አጠገቧ የምትሠራው ዋፊቃ። ከዚያ የራሷን ስክሪን አይታ ጮኸች። «ውይ፣ ማህደሩ ባዶ ነው! ይሄ የተረገመ መብራት በላው?»

«አዎ፣ መብራቱ ነው» የሚለው ቃል የገላኔ ምላስ ጫፍ ላይ ደረሰ። ማን ይጠረጥራታል? ግን እንደገና ስካን የሚደረጉት ዋናዎቹ ወረቀቶች ያሉት በሾፌሮቹ እጅ ነው። እሷ ስትፈራ መኪኖቹ ከግቢው መውጣት ጀምረዋል።

ቀጥ ብላ ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ ገባች።

«ጋሽ ጉደታ፣ አጠፋሁ።»

«ምን አጠፋሽ? ሰው ገደልሽ እንዴ?»

«የጠዋቱን ሰነድ በሙሉ። መብራቱ አይደለም፣ እኔ ነኝ። የራሴ ኮምፒውተር መስሎኝ ሰርቨሩን አዘዝኩት።»

ጋሽ ጉደታ መነጽራቸውን አወለቁ። «ታዲያ እዚህ ምን ትገተሪያለሽ? መኪኖቹ ሳይወጡ ሩጪ!»

ሮጠች። ከመኪና መኪና እየዘለለች፣ «ደግሞ ምን ሆናችሁ?» የሚላትን ሾፌር እየለመነች ሃያ አምስቱን ወረቀቶች ሰብስባ እንደገና ስካን አደረገች። ኑዕማን የሚባለው ሾፌር ግን ቀደም ብሎ ወጥቷል። ደወለችለት።

«ዱከም ቆሜ ሻይ እየጠጣሁ ነው። ምነው፣ ናፈቅኩሽ?»

«አትቀልድ ወንድሜ! ወረቀትህን ፎቶ አንስተህ አሁኑኑ ላክልኝ።»

«ጠዋት አንስቼዋለሁ። ከመቼ ወዲህ ነው በእናንተ ኮምፒውተር የማምነው?»

ፎቶው መጣ። ጠርዙ ጨለም ቢልም ማኅተሙ ይነበባል። ጋሽ ጉደታ ከኋላዋ ቆመው ኖሯል፤ «ነገ ሦስት ሰዓት ቢሮዬ ነይ» ብለው ወጡ። ፊታቸው ቁጣ ይሁን ምን አያስታውቅም። ገላኔ የትኛው መስኮት ላይ እንዳለች ሁለቴ አይታ፣ ሃያ ስድስተኛውን ሰነድ አስገባች።