ጭራቁ ደጄ የቆመበት ገና

እኛ ቀበሌ የገና ለት፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ግድም፣ ጭራቅ ይመጣል።

አገራችን ከመካነ ሰላም በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። ቤቶቹ ገደሉ አፋፍ ላይ ናቸው፤ ከሥራቸው ሸለቆው እስከ ወንዙ ቁልቁል ይወርዳል። ሽማግሌዎች ሲያወሩ፣ በአንድ ክፉ የረሃብ ዘመን ጭራቁ ከዚያ ሸለቆ እየወጣ በየቤቱ ልጅ ይለቅም ነበር አሉ። እናቶች ልጆቻቸውን ጎተራ ውስጥ ደብቀው «ልጅ የለኝም፤ ዳቦ እንካ» እያሉ ሸኙት። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ አንድ ሰው ጭራቅ ሆኖ ከአፋፉ ይወጣል። በየደጁ «ልጅ አለሽ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል፤ እናቶች ያንኑ መልስ ይሰጡታል፤ ዳቦውን ይቀበላል። በመጨረሻ ገና ሲጫወቱ የዋሉት ጎረምሶች በዱላቸው እያባረሩ ወደ ሸለቆው ይመልሱታል። ቄሳችን ነገሩን አይወዱትም። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር እስካላለፈ ድረስ ግን አይተው እንዳላዩ ይሆናሉ።

ጭራቁ አባቴ ነበሩ።

አባቴ ድምፃቸው የማይሰማ፣ ከበሬዎቻቸው ጋር እንኳ ቀስ ብለው የሚያወሩ ገበሬ ናቸው። ያን ለት ግን ጠቋቁር የፍየል ቆዳ ደራርበው፣ ዓይኑ የተበሳ ትልቅ ቅል ፊታቸው ላይ አስረው፣ እጃቸውን ጥላሸት ተቀብተው ሲመጡ እኔ ራሴ አላውቃቸውም ነበር። ቆዳውን ከለበሱ በኋላ አንቱታ የለም። «መጡ» አይባልም፤ «መጣ» ነው የሚባለው። ልጅ ሆኜ እናቴ አባቴን «አንተ» ስትላቸው የሰማሁት በዓመት አንድ ቀን፣ ለዚያውም በበር ስንጥቅ በኩል ነው።

ካገባሁ በኋላ ቤቴ ከአባቴ ቤት ብዙም ስለማይርቅ ጭራቁ ወደኔም ይመጣ ጀመር። ልጄ አምስት ዓመት በሞላት ዓመት፣ ገና ላይ እኔም እንደ እናቶቹ ጎተራ ውስጥ ደበቅኋት። ጭራቁ መጣና ጠየቀኝ። «ልጅ የለኝም፤ ዳቦ እንካ» አልኩት። ያኔ ከጎተራው ውስጥ አንድ ቀጭን ድምፅ፣

«አለሁ እኮ! እማዬ፣ አለሁ እኮ!» አለ።

የለሽም መባሏ ከፍቷት ነው። ከጭራቁ ኋላ የተከተለው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቅሁ። አንዲት አሮጊት ብቻ መሬት ላይ እንትፍ እንትፍ ብለው «መመለስ አልነበረባትም» አሉ። በበዓል ቀን ማን ይሰማቸዋል?

በቀጣዩ ጥቅምት ልጄ ታመመች። ደረቷ እንደ ወናፍ ከፍ ዝቅ ይላል። ጤና ጣቢያ ወሰድኳት፤ ሳንባዋን ምች መትቷታል፣ ወደ ደሴ ይዘሻት ሂጂ አሉኝ። መኪና አልነበረም። በአካባቢው በተነሳው ግጭት ምክንያት መንገዱ ከተዘጋ ሳምንት አልፎት ነበር። ባሌ መኪና ፍለጋ ሁለት ቀን ተንከራተተ። በሦስተኛው ቀን፣ ጀንበር ስትወጣ፣ ክንዴ ላይ አረፈች።

አባቴ ለቀብር መጡ፣ ለተዝካር መጡ፣ ከዚያ ወደ ቤቴ ዝር ማለት ተዉ። ሐዘን ነው ብዬ ነበር። ምክንያቱን ያወቅሁት ምንጭ ውሃ ልቀዳ ወርጄ ነው። ከፊቴ የነበሩ ሁለት ሴቶች እኔን አላዩኝም።

«ለጭራቅ ይመለስለታል? ስትመልስለት ሰማት፤ ምልክት አደረገባት» አለች አንዷ።

«የገዛ አያቷ መሆናቸው ነው የሚከፋው» አለች ሁለተኛዋ።

ጀሪካኔን ሳልሞላ ተመለስኩ።

ገና ሳምንት ሲቀረው አባቴ መጡ። ይግቡ ብላቸው እምቢ ብለው ደጅ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

«የሚባለውን ሰምተሻል አይደል?» አሉኝ።

«የሴት ወሬ ነው፣ አባዬ።»

«አለሁ ስትል እኔም ሰምቻታለሁ። ቅሉ ውስጥ ሆኜ ሳቅሁ።»

«ሁላችንም ሳቅን። የገደላት ምች ነው።»

 ከዚያ የመጡበትን ነገሩኝ። ዘንድሮ እንዲቀርላቸው ሽማግሌዎቹን ለምነው ነበር። ሽማግሌዎቹ ደግሞ ጭራቁ በሰው ካልወጣ ራሱ ይወጣል ብለው አልፈቀዱም፤ በዚያ የጭንቅ ዓመት የሚተካቸው ደፋርም አልተገኘም። የተስማሙት የእኔን ደጅ እንዲያልፉት ነው።

«አያልፉኝም» አልኳቸው። «ካለፉኝ ወሬው እውነት ሆነ ማለት ነው። እንደ ሰው ሁሉ ደጄ ይምጡ።»

«አልችለውም፣ ልጄ።»

«እኔም አልችለውም። ይምጡ ብቻ።»

ባሌ ይህን ሲሰማ ተቆጣ። ወረኢሉ እናቱ ዘንድ በዓሉን እንድንውል ፈልጎ ነበር። መንገዱ ተከፍቶ አውቶቡስ መመላለስ ጀምሯል። «ቁስልሽን በሰው ፊት ልትገልጪው ነው?» አለኝ። አልሄድም አልኩት። በዋዜማው ብቻውን ሄደ። እስካሁን ድረስ ያን ለት አብሮኝ ባለመቆሙ ቅር ይለኛል፤ እሱም አብሬው ባለመሄዴ ቅር ይለዋል።

የገና ለት ሰማዩ እንደ አመድ ሆኖ ዋለ። ከቅዳሴ መልስ ድፎዬን ቆርሼ በሰፌድ አስቀመጥኩ፤ እኔ አልቀመስኩም። መስኩ ላይ የገና ጨዋታው ጩኸት ይሰማ ነበር፤ ከዚያ እየቀዘቀዘ መጣ። አንዲት ሙስሊም ጎረቤቴ ሳልጠራት መጥታ ከጎኔ ቆመች። «አብሽሪ፣ እኔ አለሁ» አለችኝ።

ሰዉ ሲመጣ እንደ ሌላው ዓመት ጫጫታ አልነበረውም። የኮቴ ድምፅ ብቻ ነበር። ጭራቁ ከፊት፣ ጎረምሶቹ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው ከኋላ። ደጄ ሲደርስ ቆመ። ነፋሱ በቅሉ ቀዳዳ እየገባ ያፏጫል። ከሥሩ የአባቴን ትንፋሽ እሰማለሁ፤ ዳገት እንደወጣ ሰው ቁና ቁና ይተነፍሳሉ።  

«ጠይቀኝ» አልኩት።

አልጠየቀም።

«ጠይቀኝ እንጂ!»

«ልጅ አለሽ ወይ?» አለ። የጭራቁ ጉርምርምታ አልነበረም። የአባቴ ድምፅ ነበር።

ሳምንቱን ሙሉ የተዘጋጀሁበት መልስ አፌ ላይ ነበረ። ያን ቃል እናቶች ሁሉ የሚሉት ልጅ ኖሯቸው ነው። ተውኩት።

«ነበረችኝ» አልኩ። «ጥቅምት ላይ በምች ሞተችብኝ። መኪና አጥቼ። አንተ አልወሰድካትም።»

ጭራቁ እዚያው በጉልበቱ ወደቀ። ቅሉ ውስጥ የሚያለቅስ ሰው ድምፅ የሰው ድምፅ አይመስልም፤ አንድ ሕፃን ደንግጦ ጮኸ። ሰፌዱን ለጎረቤቴ ሰጥቼ ተንበረከክሁና የቅሉን ጠፍር ፈታሁት።

«ኧረ አይወልቅም! ገደል ሳይደርስ አይወልቅም!» አሉ ከሽማግሌዎቹ አንዱ።

አወለቅሁት። የአባቴ ፊት በላብና በእንባ ረጥቧል፤ ጥላሸቱ ጺማቸው ላይ ተዥጎርጉሯል። ጎረምሶቹ ዱላቸውን ይዘው ተያዩ። የሚያባርሩት አልነበረም። አባቴን በብብታቸው ገብቼ አነሳኋቸውና ወደ አፋፉ ወሰድኳቸው፤ ማንም አልተከተለንም። እዚያ ቆዳውን አውልቀው ከቅሉ ጋር ወደ ሸለቆው ወረወሩት። ድንጋይ እየመታ ሲወርድ ለረጅም ጊዜ ሰማነው። ተመልሰን ስንመጣ ሰዉ ተበትኖ ነበር።

ነገሩ በዚያ ተሽሮ ቀረ ብል ደስ ይለኝ ነበር። አልሆነም። በየካቲት ሦስት ልጆች በሳል ወደቁ፤ ሁሉም ዳኑ፤ ግን ጭራቁ ሳይባረር የቀረው በእኔ ነው ተባለ። ምንጭ ስወርድ ሴቶች ወሬያቸውን ያቆማሉ። በቀጣዩ ገና ከገና ተጫዋቾቹ አንዱ የማዳበሪያ ከረጢት ላይ ዓይን ቀዶ፣ ቀለም ቀብቶ ጭራቅ ሆነ። ሰዉ ሳቀለት። የእኔን ደጅ ግን አለፈው። እንዳይሆን ያን ያህል የታገልኩት ነገር እንደዚያ ሆነ፤ ማንም ሳይነግረኝ፣ በዝምታ።

አሁን ገና በመጣ ቁጥር ከሰዓት በኋላውን እኔና አባቴ ከዚያች ጎረቤቴ ቤት እናሳልፈዋለን። እሷ በሩን ዘግታ ስለ ከብቶቿ ታወራናለች። አባቴ አርጅተዋል፤ ዓይናቸውም ደክሟል። ባለፈው ገና እሷ ወደ ጓዳ ስትገባ ጠብቀው ወደ እኔ ጎንበስ አሉ።

«ያን ለት አልወሰድካትም ያልሽኝ፣ ለሰው ብለሽ ነው ወይስ ታምኚዋለሽ?»

«አምነዋለሁ፣ አባዬ።»

«እንግዲያ አንቺ ካመንሽ ደግ ነው» አሉኝ። ራሳቸው እንዳላመኑት አውቄያለሁ። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከልኩላቸውና እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ።