ባለአራት ጎማው ብስክሌቴ

የፊዚክስ መምህር ነኝ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ለመኩራራት አይደለም፤ ሰው ያደረግሁትን ሰምቶ ሲስቅብኝ፣ ስለ ኃይልና ስለ ሸክም የተማርሁ ሰው መሆኔን እንዲያውቅልኝ ነው።

ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ የመጣሁት ከሰቆጣ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ወደምትርቅ የገጠር ትምህርት ቤት ነው። በዚያ አገር ሰው ሲታመም ቃሬዛ ይወጣል። አራት ሰው ይሸከማል፣ የቀረው ይከተላል፤ በመንገድ የተገኘው ሁሉ የያዘውን ጥሎ ትከሻውን ያስገባል። እኔ ግን በሦስት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን እንኳ አስገብቼ አላውቅም። ወገቤን ያመኛል እል ነበር። ያው ወገቤ ኳስ ስጫወት ምንም አይለውም።

ኅሊናዬ ሲቆጠቁጠኝ መሸከሙን ትቼ መሣሪያ ፈለሰፍሁ። ሰቆጣ አንድ ብየዳ ቤት፣ ሁለት አሮጌ የብስክሌት ጎማ ያለው ተጎታች አሠርቼ ከብስክሌቴ ኋላ ቀጠልሁት። ስፖንጅ አነጠፍሁበት። ለፀሐይ መከላከያ ገበያ ያገኘሁትን ትልቅ ባለዘርፍ ጥላ ተከልሁበት። የሕክምና መሆኑ እንዲታወቅም ጎኑ ላይ በቀይ ቀለም መስቀል ሳልሁ። ከዚያ አንድ ጆንያ ገብስ ጭኜ ሞከርሁት። ገብሱ ምንም ቅሬታ አላሰማም።

አንድ የገበያ ቀን ጠዋት የአከራዬን ልጅ ምጥ ያዛት። አምቡላንሱ ነዳጅ የለውም ተባለ። ወንዱ ሁሉ ገበያ ስለወጣ፣ እናቷ ቃሬዛ የሚሸከም እስኪሰበሰብ ሊጠብቁ ነበር።

"እማማ፣ እኔ እያለሁ ምን ያስጠብቅዎታል?" አልኋቸው።

"ብቻህን?"

"ፊዚክስ ነው፣ እማማ።"

ልጅቷን ተጎታቹ ላይ አስተኝቼ፣ ወደ ሰቆጣ ጤና ጣቢያ የሚወስደውን ቁልቁለት ደረቴን ነፍቼ ወረድሁት። እማማ ከኋላችን እየሮጡ ቀሩ። ሜዳው ላይ ከገበያተኛው ጋር ተቀላቀልን፤ ነገሩ የተበላሸውም ያኔ ነው። ልጅቷ አቧራውን ሸሽታ በጋቢ ተሸፋፍናለች። ሰው ጥላውንና መስቀሉን ሲያይ ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ የምለምን መሰለው። ፍየል የሚነዱት ፍየሎቻቸውን ከመንገድ አወጡልኝ። ሴቶች ነጠላቸውን አስተካክለው ተሳለሙ። አንዲት አሮጊት ጋቢው ጫፍ ላይ አንድ ጥቅል ጧፍ አኖሩና "የትኛው ደብር ነው የሚሠራው?" አሉኝ። "ወላድ ይዣለሁ፣ አግዙኝ" ማለት ስችል አንገቴን ነቅንቄ አለፍሁ። ካገዙኝማ ጀግንነቱ የኔ ብቻ መሆኑ ቀረ።

ዳገቱ መሀል ሰንሰለቱ ተበጠሰ። ወርጄ፣ ወደ ኋላ እንዳይንሸራተት ሁለቱንም ፍሬን ጨብጬ ቆምሁ። መግፋት አልቻልሁም፤ መልቀቅም አልቻልሁም። ከኋላዬ ልጅቷ ታቃስታለች። ምጥ ነው፣ ያለ ነው ብዬ ዞር አላልሁም። አንድ ቄስ በመስቀላቸው ባርከውኝ አለፉ።

እማማ የደረሱት በዚህ ጊዜ ነው። ጋቢውን ገለጥ አድርገው አዩና በኽምጣና አንድ ጊዜ ጮኹ። በሦስት ዓመት ቋንቋውን ያልተማርሁት እኔ ብቻ ነበርሁ፤ መንገዱ ሁሉ ገባው። ገበያተኛው ዕቃውን እየጣለ መጣ፤ ቄሱም ተመለሱ። ተጎታቹን ከብስክሌቱ ፈትተው ከነጎማው ትከሻቸው ላይ አወጡት። እኔም ብስክሌቴን ቁጥቋጦ ውስጥ ወርውሬ አንዱን ማዕዘን ያዝሁ።

"መምህር፣ አጥረህ እያጋደልህብን ነው፤ ውጣ!" አለኝ ከፊቴ የተሸከመው ጎልማሳ።

ስለዚህ ጥላውን ነቅዬ ያዝሁ።

ጥላ ይዤ በጎኗ ስሄድ ነው ፊቷን ያየሁት። ከቤት ከወጣን ጀምሮ ጀርባዬን ሰጥቻት ነበር። ከንፈሯ ነጥቷል፤ ስፖንጁ ደም ጠጥቷል። ሮጥን። እንደዚያ ቀን ፈርቼ አላውቅም።

ጤና ጣቢያው እንደደረስን ወለደች፤ ሴት ልጅ። ደሙም ቆመላት። አዋላጇ "ትንሽ ብትዘገዩ ኖሮ" ብላ ጀመረችና ሳትጨርሰው ተወችው። ከሰዓት በኋላ "እንኳን ማርያም ማረችሽ" ልላት ገባሁ። ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። ቁጣ የለባትም።

"መምህር፣" አለችኝ፣ "ዳገቱ ላይ ስጠራዎት ነበር እኮ።"