የቦራ ቋንጃ

የትኩስ ቆዳና የስብ ሽታ ፈንታውን ሁልጊዜ ወደ አባቱ ይመልሰዋል። አባቱ በሬ ሲገፍፉ ቆዳን ከሥጋ የሚያጣብቀውን ስስ ሽፋን፣ ብርድና ግጭት የሚመክተውን ስብ፣ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ መሀል የሚገባውን ለስላሳ አጥንት ያሳዩት ነበር። ኋላ የትምህርት ቤት መጽሐፉ እነዚህን ሁሉ፣ ደምንም ጨምሮ፣ «አያያዥ ኅብረ ሕዋሳት» ብሎ አንድ ቤተሰብ ሲያደርጋቸው ደስ አለው። ልቡ የቀረው ግን ጅማት ላይ ነው። ሥጋ ቢበረታ፣ አጥንት ቢጠነክር፣ ሁለቱን ጅማት ካልያዛቸው በሬ አይራመድም።

ፈንታው ከአርብ ገበያ ወረድ ብሎ የሚኖር ባለ አንድ በሬ ገበሬ ነው። ጎረቤቱ ንጉሴም ያለው አንድ ነው። ከወጣትነታቸው ጀምሮ በመቀናጆ፣ በሬዎቻቸውን አጣምደው በየተራ ያርሳሉ። ውላቸው የቃል ነው፦ በሬ ከቀንበር ሥር ቢጎዳ እርፍ የጨበጠው የባለቤቱን መሬት አርሶ ይዘራለታል፤ ገደል ቢገባ ግን የባለቤቱ ዕድል ነው።

በግንቦት፣ በንጉሴ ተራ፣ ፈንታው ገበያ ሳለ ስልክ ተደወለለት። የፈንታው በሬ ቦራ ከውሃ ሲመለስ ገደል ገብቶ፣ የኋላ እግሩ ድንጋይ መሀል ተቀርቅሮ ቋንጃው፣ የእግሩ ጅማት፣ ተበጠሰ አለው ንጉሴ። ድምፁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ፈንታው መልሶ እሱኑ አጽናናው።

በማግስቱ ቦራ ለቅርጫ ታረደ። በዓለ ኀምሳ ነውና ሥጋ ፈላጊ አልጠፋም። ፈንታው ቀስ ብሎ ሲገፍፍ ጎረቤቶቹ «ቆዳውን መልሶ ሊያለብሰው ነው» እያሉ ቀለዱበት። ጭቃ የተለሰነበት የኋላ እግር ላይ ሲደርስ ቢላዋውን አቆመ። የተበጠሰ ጅማት እንደ አሮጌ ገመድ ተተርትሮ ጫፉ ጭራ ያወጣል። ይሄ ግን በስለት የተቆረጠ ነበር። በሬው ወደ ኋላ ሲል እርፉን ያልሰበሰበ ሰው፣ ማረሻው የበሬውን ቋንጃ እንዲህ ይቆርጥበታል።

ለማንም ትንፍሽ አላለም። ሰው ሥጋውን ይዞ ሲበተን ንጉሴ መደቡ ላይ ቀረ። ጥቂት አጽናንቶት፣ ዝናቡም ጊዜ አይሰጥም ብሎ፣ ከላይ ሰፈሩ እንዳልካቸው ጋር ለመቀናጆ መነጋገሩን አነሳ።

«መቼ ተነጋገራችሁ?» አለው ፈንታው።

«ትናንት፤ ማለዳ ነው መሰለኝ።»

«ሳትደውልልኝ በፊት?»

ንጉሴ ምድጃውን ማየት ያዘ። ፈንታው ለመስፊያ ሊያደርቀው ያስቀረውን ጅማት አምጥቶ ፊቱ ዘረጋው።

«አንተም ስትገፍፍ ኖረሃል። ይኼን ገደል ነው የበጠሰው?»

ንጉሴ ጅማቱን በእጁ ገፋ አደረገው።

«መሬቴን እረስልኝ አልልህም። ማረሻዬ ነው የቆረጠው በለኝና ይብቃን።»

ንጉሴ ዱላውን አነሳ። ድርሻ ሥጋውን እዚያው መደቡ ላይ ትቶ፣ አንገቱን ደፍቶ ወጣ፤ ደህና እደሩም አላለ።