ቀስ በሉ፣ ልጅ ተኝቷል

እኔ ስናገር ከቃሊቲ እስከ ገላን ይሰማል ይሉኛል፤ ሐሰት አይደለም። ታዲያ በጎማ የሚገፋው ትንሹ የአንጎል ምስል ማንሻ፣ ኤምአርአይ፣ አቃቂ ሆስፒታላችን መጥቶ፣ ለባለሙያዎች አሠራሩን አስተምሪ ስባል፣ መጀመሪያ የተማርኩት እኔው ነኝ፤ ማንሾካሾክን። ሕፃናቱን በመድኃኒት አናስተኛም። እናት ታጠባለች፣ ልጁ ይጠቀለላል፣ እንቅልፍ ሲወስደው ጭንቅላቱን ቀስ ብለን ማሽኑ ውስጥ እናስገባለን። ከነቃ አለቀ።

አንድ ቀን ከቱሉ ዲምቱ አንዲት ወጣት አራስ ከአማቷ ጋር መጣች። ባሏ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ መንገድ ላይ ነበር። የልጁ ጭንቅላት ያለልክ ማደጉን ያየች ጎረቤት "ውሃ ብቻ ነው፤ አንጎል የለውም" ብላታለች። አፏን ይቁረጠውና! ይህን ከሰማች ጀምሮ እንቅልፍ የላትም።

"ሌላ አልጠይቅሽም እህቴ፤ አንጎል አለው ወይስ የለውም? እሱን ብቻ ንገሪኝ" አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ብረት ነገር እንዳለ ጠየቅን፤ የለም አሉ። ከማስተምራቸው ባለሙያዎች አንዱም እንዳይቀሰቅሰው ፈርቶ ልጁን በስሱ ዳበሰው። ወደ ማሽኑ ስናስጠጋው ግን የመጠቅለያው ጫፍ በራሱ ጊዜ ሳብ አለ። ልጁን ይዤ ወደ ኋላ አልኩ። ጨርቁን ብንፈታው ታጥፋ የተሸጎጠች ሰንጢ!

ልጮህ ነበር። ግን ልጅ ተኝቷል። ጥርሴን ነክሼ፣ "እማማ፣ ይሄ እኮ ማግኔት ነው፤ ብረት ይስባል! ልጁን ሊጎዳብን ነበር!" አልኩ። በሹክሹክታ መቆጣት እንዴት እንደሚያንቅ!

አማቲቱ ፍንክች አላሉም። "አርባው ሳይወጣ ሕፃን ያለ ብረት ይተኛል እንዴ? ክፉ ነገር ቢጠናወተውስ?" አሉ፤ ድምፃቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ለካ እሳቸውም ፈርተዋል። ንዴቴ ወዲያው በረደ።

"እንግዲያው ሰንጢዋን ይያዙልኝና በሩ ላይ ይቀመጡ። ክፉውን እዚያው ይመልሱልን፤ ውስጡን ለኛ ይተዉት" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና ወጡ፤ ከበሩ ውጭ ወንበር ስበው ቁጭ። ተማሪዎቼ ሊስቁ ሲሉ በዐይኔ ገረፍኳቸው። ፍተሻውን ግን እንደ አዲስ አሠራኋቸው፤ በደንብ ዳብሰው፣ እናቲቱን ጭምር።

ልጁ አልነቃም፤ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እናቱ እግሩን ይዛ አጠገቡ ተቀመጠች። ምስሉ ሲመጣ ተማሪዎቼ ሁሉ እኔን አዩኝ። ውጤት የሚናገረው ሐኪሙ ስለሆነ ዝም አልኩ፤ ዝም ማለት ለኔ ምን ያህል ጭንቅ እንደሆነ እነሱም ያውቃሉ።

ሐኪሙ መጥቶ ስክሪኑ ፊት አስቀመጣት። መሐል ላይ ያለው ጥቁሩ ውሃ መሆኑን፣ በቀዶ ሕክምና መፍሰሻ ሊበጅለት እንደሚገባ ረጋ ብሎ አስረዳት። የእሷ ዐይን ግን ዙሪያውን ያለው ግራጫ ላይ ነበር።

"ይሄስ?"

"ይሄማ አንጎሉ ነው።"

ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳርፋ ግራጫውን ከዳር እስከ ዳር ዞረችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞር አለች።

"ይሄ ሁሉ የሱ ነው?"

"አዎ እህቴ፣ ሁሉም የሱ ነው" አልኳት።