የወንድሜ የጆሮ ልክ

ፀጉር ቤት ነው ያለኝ። ምላሴ አያርፍም፤ ደንበኞቼም ግማሹ ለፀጉራቸው፣ ግማሹ ለወሬዬ ነው የሚመጡት። ታናሽ ወንድሜ ላይ የደረሰውን ሳወራ ድምፄ ከፍ ካለ አትቀየሙኝ። እስካሁን አልበረደልኝም።

ወንድሜ የድምፅ ባለሙያ ነበር። ዘፋኝ መድረክ ላይ ስትወጣ፣ ከአዳራሹ ኋላ ሚክሰሩ ፊት ቆሞ ጊታሩን ቀንሶ፣ ከበሮውን ጨምሮ ሕዝቡ የሚሰማውን የሚያስተካክለው እሱ ነው። የሥራ ጓደኞቹ "ጆሮ" ነው የሚሉት፤ ትክክለኛ ስሙን የሚያውቅ ጥቂት ነው። አንድ ቀን ፀጉር ቤቴ ቁጭ ብሎ ሻይ ሲጠጣ፣ "እትዬ፣ ያ ፎንሽ ሊቃጠል ነው" አለኝ። ምኑን ታውቃለህ ብዬ ሳቅኩበት። ከሰዓት በኋላ ፀጉር ማድረቂያው ደንበኛ ራስ ላይ ጢሱን ቡን አደረገው። እንዲህ ነበር የሚሰማው።

ልጅ ሆኖ ግን የግራ ጆሮው ይመግል ነበር። ጠዋት ጠዋት ትራሱ ላይ ቢጫ ነገር እናገኛለን። እማዬ ነፍሷን ይማርና ዘይት አሙቃ ስትጨምርበት ቤቱን በጩኸት ያናጋው ነበር። ካደገ በኋላ መፍሰሱ ቆመ፤ እኛም ዳነ አልን። ዳነ ያለን ሐኪም ግን የለም።

ዘፋኞች መድረክ ላይ ጆሯቸው ውስጥ የሚሰኩት ኢርፎን አለ። ጥሩው ኢርፎን እንደ ልብስ በልክ ነው የሚሠራው፤ ጆሮ ውስጥ ሲሊኮን ይሞላና ሲደርቅ ይወጣል፣ በወጣው ቅርጽ ይሠራል። ወንድሜ አብሯት የሚሠራው ዘፋኝ ባለሙያ ዘንድ ሄዳ ልኳን ስታስወስድ አብሯት ነበር። አንድ ጊዜ አየ፣ በቃ። "ሊጥ ማቡካት እኮ ነው እትዬ!" ብሎኝ መጣ። ሲሊኮኑን ከየት እንዳገኘው አልጠየቅኩም፤ መርፌ የሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ገዛና የባንዱን ልጆች ልክ ተራ በተራ ወሰደ።

እውነቱን ልናገር፣ ሲሠራላቸው ይጠነቀቅ ነበር። መጀመሪያ በክር የታሰረ ወፍራም ጥጥ ወደ ውስጥ ያስገባል። "ይሄ ጥጥ በር ነው" ይላቸዋል። "ከሌለ ሲሊኮኑ ቀጥ ብሎ ታምቡር ድረስ ነው የሚሄደው።" ያውቅ ነበር! አንጀቴን የሚያቃጥለው ይኸው ነው። ባያውቅ ኖሮ አለማወቁን እረግም ነበር።

ለራሱ ያሠራው የመጀመሪያው ኢርፎን አላረካውም። ወፍራሙ ድምፅ ያፈሳል አለ፤ የቤዙን ታች አላገኘውም። እኔ አድርጌው ምንም የሚያፈስ ነገር አልሰማሁም፤ እሱ ግን እንቅልፍ አጣ። ጥጡ ቦታ እየበላ ቅርጹን አሳጠረው ብሎ ደመደመ። ጥጡ ከቀጠነ ሲሊኮኑ ጠልቆ ይገባል፣ ኢርፎኑም ጥብቅ ይላል። የዘፋኟ ትልቅ ኮንሰርት ደርሶ ነበርና አጣደፈው።

ፀጉር ቤቱ ዝግ የሆነበት ቀን መጣ። መስታወት በግራም በቀኝም ስላለ የኔ ወንበር ይመቸኛል አለ። እኔ የፀጉር መጠቅለያ ቢጎዲን እያጠብኩ ነበር። ቀና ስል በጣቱ የያዛትን ጥጥ አየሁ።

"ይቺ ናት ጥጥ? ለትንኝ ነው?"

"አንቺ ቢጎዲንሽን እጠቢ።"

"ስማ፣ የግራው አይደል ይመግል የነበረው? ለምን መጀመሪያ ሐኪም በመብራት አያየውም?"

"እትዬ ደግሞ! ሕፃን ሆኜ እኮ ነው። አንድ ጆሮ ለማሳየት ቀን ሙሉ ወረፋ ልጠብቅልሽ?"

ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ። ቀኙን ሞላ፤ ቶሎ እንዲደርቅ ብሎ ፎኔን ከመስቀያው አውርዶ በሙቅ ነፋ። በክሩ ሳብ አደረገው፣ ወጣ። እንደ ልጅ እየሳቀ አሳየኝ። ቆንጆ ነበር፣ አልዋሽም።

ግራውን ሲገፋ ፊቱን በመስታወቱ እያየሁት ነበር። እጁ ሲሪንጁ ላይ እንዳለ ዓይኑ ፈጠጠ።

"እትዬ... ጉሮሮዬ ውስጥ ቀዘቀዘኝ።"

"ምን?"

"ጉሮሮዬ..."

ክው አልኩ። ጆሮን ከጉሮሮ ምን ያገናኘዋል? እሱም ደነገጠና ሲሪንጁን ጣለው። ክሩን ሲስብ ክሩ ብቻውን ወጣ፤ ያቺ ትንኝ ጥጥ ወደ ውስጥ ተገፍታ ቀርታለች። እጁን ይዤ "አትንካው፣ ሐኪም ቤት እንሂድ!" አልኩት። ታገለኝ። ደጅ የቀረውን ሲሊኮን በጥፍሩ ይዞ ጎተተው። ግማሹ ተበጥሶ በእጁ ቀረ፣ ከኋላው ደም ተከተለ። ከዚያ ቤቱ ዞረበት፤ ከወንበሩ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀና ማስመለስ ጀመረ። ተደግፎኝ ታክሲ ውስጥ ሲገባ ቀጥ ብሎ መቆም አልቻለም።

የጆሮ ሐኪሟ ረጋ ያለች ሴት ናት። "ማነው ይህን የሠራው?" ስትል፣ "እኔ" አላት፤ ያኔ እንኳ ኩራት ቢጤ ነበረው። እሷ ነገረችን። ያ የልጅነት መግል ታምቡሩ ላይ ቀዳዳ ትቶ ነበር። ቀዳዳው ሳይደፈን አብሮት ኖሯል፤ በመብራት አንዴ ያየው ሰው ልክ አትውሰድ ይለው ነበር። ሲሊኮኑ በቀዳዳው አልፎ ወደ ውስጥ ገብቷል፣ እዚያም ደርቋል። ከጆሮ ወደ ጉሮሮ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ አለና ያ ቅዝቃዜ በዚያ የመጣ ነው። ድምፅ የሚያስተላልፉትን ጥቃቅን አጥንቶች ጨብጦ ነው የደረቀው።

"ይወጣል?" አልኳት።

"ይወጣል" አለች። "ግን ባዶውን አይወጣም።"

አደንዝዘው ከጆሮው ኋላ ከፍተው አወጡት። ሐኪሟ በጠርሙስ አድርጋ አሳየችን፤ ሰማያዊ፣ ከአተር እምብዛም የማይበልጥ ነገር። ወንድሜ ራሱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ለረጅም ጊዜ አየው።

"ንጹሕ ወጥቷል" አለ። "እንደዚህ የወጣልኝ የለም።"

በጥፊ ልለው ነበር። ከዚያ ከንፈሩ ሲንቀጠቀጥ አየሁና እጄን ሰበሰብኩ።

የግራ ጆሮው መስማት ተወ። የተረፈው ጩኸት ነው፤ ቀን ከሌት እንደ ማንቆርቆሪያ ያፏጭበታል። አጠገቤ ሲሄድ ሰው ይገጫል። ስጠራው በተቃራኒው በኩል ይዞራል፣ ድምፅ ከየት እንደሚመጣ አያውቅም። ደንበኛ ሲጠይቀኝ "ተሽሎታል" እላለሁ። ምን ልበል?

ዘፋኟ ግን አልተወችውም። "ያላንተ አልዘፍንም፣ ቦታህ ቦታህ ነው" አለችው። አንድ ቀን ሸሚዙን ተኩሶ መጣና፣ "ዛሬ ከሰዓት ልምምድ አለን። መጥተሽ ስሚኝ እትዬ" አለኝ። ይኸውልሽ፣ ሥራዬን ዛሬም እችላለሁ ማለቱ ነው። ፀጉር ቤቱን ዘግቼ ሄድኩ።

አዳራሹ ባዶ ነበር፣ ወንበሮቹ ተደራርበው። እሱ ከኋላ መሃል ላይ ሚክሰሩ ፊት ቆሟል። ሙዚቃው ሲጀመር ሳቀልኝ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ! እኔም ደስ ብሎኝ ወዲያ ወዲህ ስል ወደ ግራ ጥግ ደረስኩ። እዚያ ያለው የሰው ቁመት የሚያህል ስፒከር ጭጭ ብሏል። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ምንም። ኬብሉ ከኋላው ወልቆ ወለሉ ላይ ተዘርግቷል። ግማሹ አዳራሽ ድምፅ የለውም፣ እሱ ግን ጣቱን በሚክሰሩ ላይ እያንሸራተተ ራሱን ይነቀንቃል። መድረክ ላይ ያሉት እርስ በርስ ይተያያሉ፣ መጫወታቸውን ግን አላቆሙም።

አጠገቡ ሄጄ ቆምኩ። "የግራው ስፒከር አይሠራም" አልኩት። አልዞረም። ጮክ አልኩ። አሁንም ይስቃል። ያኔ ነው በግራው በኩል መቆሜ የገባኝ። ዞሬ በቀኙ መጣሁና ነገርኩት።

ሳቁ ፊቱ ላይ ደረቀ። ሄዶ መዳፉን ስፒከሩ ላይ አሳረፈ፣ እንደ ታማሚ ግንባር። ጎንበስ ብሎ ኬብሉን ራሱ ሰካው። ተመልሶ ሚክሰሩን አንድ በአንድ ወደ ታች አወረደው፣ አዳራሹ ጸጥ እስኪል።

ዘፋኟ ከመድረክ፣ "ምን ሆንክ?" አለችው።

"ሌላ ሰው ፈልጉ" አለ።

ተቃወመችው፣ ለመነችው። ጃኬቱን ይዤለት ወጣን። በመንገዱ የመኪና ጫጫታ ውስጥ በግራው በኩል ሆኜ ቤት እስክንደርስ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ። አልሰማኝም።