«መያዝ አይቆጠርም» ላሉኝ

ልጄ ሐይቅ ከተማ በከፈተችው ጌም ቤት አሸንፌ ሳለሁ «መያዝ አይቆጠርም» ተብዬ ከወንበሬ ተነስቻለሁ። ተሸንፌ ቢሆን አንድ ቃል አይወጣኝም ነበር። ያሸነፈ ይቀመጣል፣ የተሸነፈ ይነሳል የሚለው የቤቱ ደንብ ለሁሉም ሲሠራ ለእኔ ብቻ መቅረቱ ግን በደል ነው። ስለዚህ ይህን ራሴ ጻፍኩት። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ለዚህ ይበቃል።

ልጄ ከጅዳ ስትመለስ የጨዋታ ማሽን ይዛ መጣች። መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል አጽድታ ቴሌቪዥን ሰቀለችባት። እሷ ጉዳይ ሲኖራት ቤቱን የምጠብቀው እኔ ነኝ። ጠዋት ጠዋት ወጣቶቹ ወይ ሐይቁ ላይ ዓሣ ያጠምዳሉ፣ ወይ ሌላ ሥራ ላይ ናቸው፤ ቤቱ ባዶ ነው። ዝም ብዬ ከምቀመጥ ብዬ መጫወቻውን እጀታ፣ ጆይስቲኩን፣ አነሳሁ። የእግር ኳሱ ጨዋታ አልገባኝም። ድብድቡ ግን ሁለት ሰው፣ አንድ ሜዳ፣ ጉልበቱ ያለቀ ይወድቃል። ይህን ማን ያጣዋል?

ሁሉም የሚመርጡት ቀጭኑን፣ ከእጁ እሳት የሚወረውረውን ነው። እኔ አንድ ግዙፍ ታጋይ መረጥኩ፤ ሆዱ የገፋ፣ ጺሙ የተንዠረገገ። ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር። ቀርፋፋ ነው፣ ሲዘል ከመሬት እምብዛም አይነሳም፣ እሳት የለውም፣ እግሩም አጭር ነው። አንዴ ከያዘ ግን የተያዘው ሰው ጉልበት በአንድ ጊዜ ሙሽሽ ይላል። የእኔም ጣት ቶሎ ቶሎ አይታዘዝም። ተስማማን።

ወጣቶቹ ከሰዓት ሲመጡ ከእነሱ ጋር መግጠም ጀመርኩ፤ መጀመሪያ የምሸነፈው በመሮጥ ነበር። እሳቱን ሳይ ዘልዬ እገባለሁ፤ እነሱ አየር ላይ በምት ይቀበሉኛል። አንድ ቀን አምባሰል፣ ያደግኩበት ቤት፣ ዶሮ እንዴት እንደምንይዝ ትዝ አለኝ። የሚያባርራት ሰው አይይዛትም። እጅሽን ዘርግተሽ፣ ቀስ ብለሽ፣ መሄጃዋን እየዘጋሽ ወደ አጥሩ ጥግ ትወስጃታለሽ እንጂ። ሰውዬዬንም እንደዚያ ማስኬድ ጀመርኩ። እሳት ሲመጣ መከላከል፣ ከዚያ አንድ እርምጃ። ሌላ እሳት፣ ሌላ መከላከል፣ ሌላ እርምጃ። ስከላከልም ጉልበቴ በጥቂቱ ይሸረፋል፤ ይሸረፍ። ጥግ ከደረሱ የእኔ ናቸው። ሊዘል ነው ብዬ ካሰብኩ ከአየር አወርደዋለሁ። ሊከላከል ነው ብዬ ካሰብኩ እይዘዋለሁ፤ መከላከል ከመያዝ አያድንም።

በዚህ አካሄድ በየተራ አስነሳኋቸው።

«እማማ፣ ዱዓ አድርገውበት ነው እንዴ?» ይሉኛል።

«ዱዓው ለአንተ ነው የሚያስፈልገው» እላለሁ።

ከሁሉም የሚበልጠው አንድ የባጃጅ ሾፌር ነበር። ከተቀመጠ እስኪሰለቸው የሚያስነሳው የለም። ያን ዕለት ከእኔ ጋር ሲገጥም ጓደኞቹ እስከ በሩ ሞልተው ነበር። ጥግ አስገባሁት። ያዝኩት። ሲነሳ ደግሜ ያዝኩት። ወደቀ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

እሱ ግን ጆይስቲኩን ከእጄ ወሰደ። «መያዝ አይቆጠርም እማማ። የፈሪ ጨዋታ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት መያዝ የለም።» ጓደኞቹም ሳቃቸውን አቁመው «የለም፣ የለም» አሉ።

«የማይቆጠር ከሆነ ማሽኑ ጉልበትህን ለምን ቀነሰው?»

«ማሽኑ ምን ያውቃል!»

ልጄን አየኋት። «እማዬ፣ በቃ ተነሺ፤ ደንበኞቼ ናቸው» አለችኝ። ተነሳሁ። ከእሷ ጋር ግን ከሰላምታ ያለፈ ወሬ ሳናወራ ሰነበትን።

አንድ ጁምዓ፣ ከሶላት በኋላ ቤቱ ሲሞላ ጠብቄ መሐላቸው ቆምኩ።

«እኔ መያዝ ልተው፤ አንተም እሳትህን ተው» አልኩት ሾፌሩን።

«እሳትማ ችሎታ ነው!»

«እንግዲያው የእኔን ሰውዬ ውሰድና እሳት ሲመጣብህ ችሎታህን አሳየኝ። መያዝም ፈቅጄልሃለሁ።»

ጓደኞቹ ጮኹ፤ እምቢ ማለት አልቻለም። አንደኛው ቀጭኑን ይዞ ገጠመው። ሾፌሩ ሮጠ፣ ዘለለ፣ ተቃጠለ። እንደገና ሮጠ።

«ባጃጅ መሰለህ እንዴ? ፍሬን ያዝ!» አለው አንዱ ከኋላ።

መያዝ ይቅርና አጠገቡ ሳይደርስ ወደቀ። እኔ ያን ሜዳ ሁሉ በዚያ ቀርፋፋ ሰውዬ እንዴት እንዳቋረጥኩት ያን ጊዜ ታያቸው። አንዱ ዞር ብሎ «ማሻአላህ እማማ» አለኝ። ልጄ እንኳ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር፤ ደረቴን ነፋሁ፣ አልደብቅም።

ሾፌሩ ሊነሳ ሲል ትከሻውን ይዤ አስቀመጥኩት። «መልስ ሳትሰጠኝ የት ትሄዳለህ? ያን ዕለት ለምን ከለከልከኝ?»

አንገቱን አከከ፤ ጓደኞቹን አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ወላሂ እማማ፣ ተሸንፌ ነበር። ሲይዙኝ እንዴት እንደሚመለጥ ስለማላውቅ ነው የከለከልኩት።»