ለሳንባ የተላከ ወተት

ይህ የሆነው ባለፈው በጋ ነው። የግመል ወተት ሽታ በመጣ ቁጥር ትዝ እያለኝ ስለሚያንገበግበኝ ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

የምኖረው ሞያሌ፣ በኬንያ በኩል ነው፤ ጨርቃ ጨርቅ እነግዳለሁ። ታናሽ ወንድሜ ሰኢድ ከብዙ ዓመታት በፊት ወደ ሞምባሳ ወርዶ ነዳጅ ማጣሪያ ውስጥ ተቀጠረ። ሥራው የእንፋሎት ቧንቧዎች የተጠቀለሉበትን አሮጌ መሸፈኛ እየቀደዱ ማንሳት ነበር። አስቤስቶስ ይባላል። ሲቀደድ ብናኙ ይቦናል፣ ፀጉር ላይ ይቀመጣል፣ ጉሮሮ ይከረክራል።

ፎርማናቸው ታዲያ መላ ነበረው። «ኩንዋ ማዚዋ!» ይላቸዋል፤ ወተት ጠጡ፣ አቧራውን ከደረት ያጥበዋል ማለቱ ነው። እሱ ራሱ ግን ጭምብል ሳያደርግ ወደዚያ አይገባም። ሰኢድ ይህን በስልክ ሲያጫውተኝ፣ «ወተት አይስማማውም መሰለኝ» ብሎ ሳቀ። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

መድኃኒቱ ወተት ከሆነ የሞያሌ ሰው ምን ገዶት! በእኛ ዘንድ የግመል ወተት የማይፈውሰው በሽታ የለም። ሀሊማ የምትባል ጎረቤቴ ከጎልቦ ቆላ እያመጣች ትሸጣለች። ከእሷ እየገዛሁ በቢጫ ጀሪካን ሞልቼ በአውቶቡስ እልክለት ነበር። ረዳቶቹ ሁሉ ያውቁኛል፤ «የሰኢድ ወተት መጣ» ይሉኛል። ድርቅ ሆኖ ወተት ሲጠፋ እንኳ ከየትም ፈልጌ እልካለሁ እንጂ አላቋረጥኩም። ኩራቴ ነበር።

ባለፈው በጋ ሰኢድ ተመለሰ። ከመናኸሪያው ሱቄ ድረስ መንገድ ላይ እየተቀመጠ፣ እያረፈ መጣ። «ቦዳቦዳ ሞተር ለምን አልያዝክም?» ስለው መልስ ለመስጠት ትንፋሽ አጠረው። እዚህ የሳንባ ነቀርሳ ነው ብለው መድኃኒት ሰጡት፤ አልተሻለውም። ናይሮቢ ወሰድኩት።

ሐኪሟ ወጣት ናት። የሳንባውን ፎቶ አየች፣ ሥራውን ጠየቀችው። ብናኙ ሳንባውን አደንድኖታል፣ አንዴ የገባው አይወጣም፣ የሚያድን መድኃኒትም የለውም አለችን። አላመንኳትም።

«ወተት ሲጠጣ ነው እኮ የኖረው! የግመል!» አልኳት።

«ማማ፣ ወተት ጨጓራ ነው የሚገባው። ሳንባ አይደርስም» አለችኝ።

ይህን ለማወቅ ሐኪም መሆን ያስፈልጋል? ስንት ፍየል አርደን ጨጓራውን ለብቻ፣ ሳንባውን ለብቻ አውጥተናል! ግን አንድም ቀን አስቤው አላውቅም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ የኔም ወተት እንደዚያው ሆነ። ይበልጥ ያቃጠለኝ ግን ፎርማኑ ነው። ያ ሰውዬ ያውቅ ነበር። ባያውቅ ኖሮ ጭምብሉን ትቶ ወተቱን ይጠጣ ነበር።

ከናይሮቢ ከተመለስን በኋላ ሀሊማ እየሳቀች ሱቄ መጣች። ልጇ እዚያው ማጣሪያ ተቀጥሯል።

«ጀሪካንሽን አውሺኝ። ወተት ጠጡ ተብለዋል» አለችኝ።

«ሀሊማ፣ ልጅሽን አስመልሺው! ወተቱ ምንም አያደርግለትም። ሰኢድን አታይውም?» አልኳት። ከጓዳ ሲያስል ይሰማል።

ሳቋ ጠፋ። ቅናት መሰላት።

«ወላሂ፣ ያኔ እኮ ድርቅ ነበር፤ ወተቱም ቀጭን ነበር» አለችኝ። «አሁን ዘንቧል፣ አልሐምዱሊላህ።»

ጀሪካኑን ከለከልኳት። ከሌላ ሰው ተዋሰች።

ሰው ሁሉ ለአላህ ተይው፣ ይቅር በይ ይለኛል። አልልም። ያ አውቶቡስ በሱቄ ፊት ባለፈ ቁጥር ንዴቱ እንደ አዲስ ያንቀኛል። በቀደም ሰኢድ በር ላይ ተቀምጦ የወተት ጀሪካን ሲጫንበት አየና ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ለሀሊማ ልጅ መሆኑን ነገርኩት። አንገቱን ደፍቶ ትንፋሹን እስኪሰበስብ ጠበቅሁት።

«ፎርማኑ አሁንም ጭምብሉን ያደርጋል?» አለኝ።